ፊጂ በየትኛው ወር? ወቅቶቿ በዋጋቸው ልክ ሲመዘኑ

ፊጂን የሚሸጡ የጉዞ ጥቅሎች ሁሉ ዓመቱን ለሁለት ይቆርጡታል፦ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ደረቅ ወቅት፣ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ዝናባማ ወቅት። የመጀመሪያው ይወደዳል፣ ሁለተኛው ይረክሳል። ክፍፍሉ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ገንዘቡን ቆጥሮ ለሚከፍል ሰው አይበቃም። በአንድ ደሴት ላይ፣ በዚያው ቀን፣ ናዲ ፀሐይ ስትሞቅ ሱቫ ዝናብ ስትደበደብ ትውላለችና። ወሩን ከመምረጥ በፊት የደሴቱን ጎን መምረጥ ይቀድማል። ብዙው የጎብኚ ቅሬታ የሚመነጨውም ይህን ቅደም ተከተል ከመገልበጥ ነው።

ፍርዱን አስቀድመን እናስቀምጥ። ለአብዛኛው ሰው ምርጡ ግዢ ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁን ሦስተኛ ሳምንት ያለው ነው። ሁለተኛው ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ። ጁላይና ኦገስት ጥሩ ናቸው፣ ሆኖም ለሚጠየቅባቸው ዋጋ ከሚገባቸው በላይ ተወድሰዋል። ከጃንዋሪ አጋማሽ እስከ ማርች መጨረሻ ያለውን ቅናሽ ደግሞ ምን እንደሚገዛ የሚያውቅ ብቻ ይንካው። ወራቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር የምንጠራቸው ትኬቱም ክፍሉም የሚሸጠው በዚያ ስለሆነ ነው።

አንድ ደሴት፣ ሁለት ሰማይ

ፊጂ ከ330 በላይ ደሴቶች አሏት፤ ሰው የሚኖርባቸው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ናቸው። ትልቋ ቪቲ ሌቩ ናት። በመካከሏ ተራራ ተጋድሟል፤ ከፍተኛው ጫፍ ቶማኒቪ 1,324 ሜትር ይደርሳል። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ነፋሱ የሚመጣው ከደቡብ ምሥራቅ ነው። ከባሕሩ የተሸከመውን እርጥበት ተራራውን ሲወጣ ያራግፈዋል፣ ወደ ምዕራብ ሲወርድ ባዶውን ይወርዳል። ዋና ከተማዋ ሱቫ ከነፋሱ ፊት ቆማለች፤ ዓለም አቀፉ አውሮፕላን ማረፊያ ያለባት ናዲ ከተራራው ጀርባ ተጠልላለች። በደቡቡ ዳርቻ በኩል በሚዞረው በኩዊንስ መንገድ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሱቫ ግን በዓመት 3,000 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ስታገኝ ናዲ 1,900 እንኳ በቅጡ አይሞላላትም።

የዓመቱ ድምር ራሱ ነገሩን ይሸፍነዋል። ልዩነቱ የሚሰፋው በደረቁ ወራት ነው፦ በጁላይ ናዲ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲዘንብ ሱቫ ላይ ከእጥፍ በላይ ይዘንባል። በጃንዋሪና በማርች ግን ናዲም 300 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርድባታል፤ ያን ጊዜ ተራራው አያስጥልም። የእነዚያ ወራት ዝናብ የሚመጣው በደቡብ ፓሲፊክ ላይ የሚዘረጋው ረጅም የደመና ቀበቶ ወደ ደሴቶቹ ሲጠጋ እንጂ ከደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ደረቅ ወቅት ተብሎ የሚሸጠው ነገር እውነተኛ የሚሆነው በናዲና በላውቶካ፣ በማማኑካና በያሳዋ ደሴቶች፣ እንዲሁም ኮራል ኮስት በሚባለው የደቡብ ዳርቻ እስከ ሲጋቶካ ባለው ክፍል ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ማለትም ፓሲፊክ ሃርበር፣ ሱቫ፣ ሳቩሳቩና ታቬዩኒ፣ ሰው የሚገዛው ለምለሙን ነው። በኦገስትም ያካፋል፣ በኦገስትም ይደምናል። ፏፏቴውና ደኑ የሚያምረው በዚሁ ምክንያት ስለሆነ ሌላ ነገር ጠብቆ ሄዶ ማማረር አያስኬድም። የሱቫ ሆቴል ማስታወቂያ ላይ የደረቅ ወቅት ጥቅል የሚል ካያችሁ ቃሉን ከዋጋው ላይ ቀንሱት።

ሜይና ጁን፦ 9 ከ10

ዝናቡ ቀንሷል፣ መሬቱ ግን ገና አልደረቀም። ኮረብታው አረንጓዴ ነው፣ ወንዙና ፏፏቴው ሙሉ ነው፣ ባሕሩ 27 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል። ደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ገና ጉልበቱን አላወጣም። በያሳዋ ደሴቶች፣ በድራዋቃና በናቪቲ መካከል ባለው የባሕር መተላለፊያ ማንታ ሬይ የሚባሉት ግዙፍ ዓሦች ከሜይ ጀምሮ ምግብ ፍለጋ ይመጣሉ፤ እስከ ኦክቶበርም ይቆያሉ። የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ትምህርት ቤቶች ገና ስላልተዘጉ ክፍሉም ዋጋውም ይገኛል።

አንድ ነጥብ የቀነስነው ስለ ሜይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። የዝናቡ ጭራ አንዳንድ ዓመት እስከዚያ ይጎተታል። ወንዞች ያወረዱት ደለል በወንዝ አፍ አካባቢ ውኃውን ያደፈርሰዋል፤ በኮራል መካከል በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ለመዋኘት የሚሄድ ሰው ዕይታው ያጥርበታል። ከወንዝ የራቁት የማማኑካና የያሳዋ ደሴቶች ቶሎ ይጠራሉ። እዚያ ከሆነ የምትሄዱት ሜይ 5ም ሜይ 20ም ብዙ ልዩነት የላቸውም።

ጁላይና ኦገስት፦ ነፋሱ በማስታወቂያ ላይ የለም

ፀሐዩ እርግጠኛ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ናዲ ቀን 28 ወይም 29 ዲግሪ፣ ሌሊት 18 አካባቢ ትሆናለች። ውኃው ውስጥ የሚታየው ርቀት 30 ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ሆኖም የሚከፈለው ዋጋ ከዓመቱ ከፍተኞች አንዱ ነው፤ በጁላይ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሳምንታት የቤተሰብ ሪዞርቶች ከወራት በፊት ይሞላሉ።

ዋናው ጉድለት ነፋሱ ነው። በእነዚህ ወራት የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየነፈሰ ለቀናት ሊቆይ ይችላል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይብሳል። ነፋስ በሚመታው ጎን ያለ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ይረጫል፣ ውኃው ይናወጣል፣ በረንዳ ላይ ምሳ መብላት ትግል ይሆናል። በዚያው ደሴት በምዕራቡ ወይም በሰሜን ምዕራቡ ጎን ግን ባሕሩ ጸጥ ይላል። ትንሽ ደሴት ላይ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ክፍሉ የቱ ጋ እንዳለ ሳይጠይቁ መክፈል ግን አንድ ሳምንት ሙሉ በተሳሳተው ጎን ያስቀምጣል። በጁላይ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ቁርስ አብሮ ነው ወይ?» ሳይሆን «ቡሬው ወደየት ይመለከታል?» ነው። ቡሬ በሪዞርቶቹ የሚከራየው ጎጆ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ጀልባ ነው። ወደ ያሳዋ ደሴቶች የሚያመላልሰው ያሳዋ ፍላየር የተባለው ትልቅ ካታማራን (ጎን ለጎን የተያያዘ ባለ ሁለት አካል ጀልባ) በየቀኑ ጠዋት ናዲ አጠገብ ካለው ከደናራው ወደብ ይነሣል፣ መንገድ ላይ ሪዞርቶቹን እየነካ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ በዚያው ቀን ይመለሳል። እስከ ሰሜኑ ጫፍ አራት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይፈጃል። አገልግሎቱ ቀላልና አስተማማኝ ነው፤ በየደሴቱ ትናንሽ ጀልባዎች ቀርበው ሰዉንና ሻንጣውን ባሕር ላይ ይቀበላሉ። ከነፋሱ ጋር ያለው ግንኙነት ግን ሊታወቅ ይገባል። ሲሄድ ነፋሱ ከኋላና ከጎን ነው፤ ሲመለስ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ማለትም ወደ ነፋሱ አፍ ያቀናል፣ ያውም ነፋሱ በሚበረታበት በከሰዓት በኋላው። በሄዱበት ቀን ምንም ያልተሰማቸው ሰዎች በመመለሻው የሚታመሙት ለዚህ ነው። መድኃኒቱ የታችኛው ወለል ላይ፣ ከመካከል ወደ ኋላ መቀመጥ ነው፤ የማጥወልወል ክኒን የሚወስድ ሰው ከመነሳቱ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይውሰድ። ማጥወልወሉ ከጀመረ በኋላ የሚዋጥ ክኒን እምብዛም አይረዳም። ከትልቁ ወደ ትንሹ ጀልባ ሲወረድም ርጭት ስላለ ስልክና ፓስፖርት ውኃ በማያስገባ ከረጢት መሆን አለባቸው።

ጀልባው በቀን አንዴ ብቻ ስለሚመላለስ ከሰዓት በኋላ ናዲ የሚያርፍ ሰው የመጀመሪያዋን ሌሊት እዚያው ያድራል። አመሻሽ ላይ ወደብ ስለሚገባ ደግሞ በዚያው ምሽት የሚነሣ በረራ መያዝ አያዋጣም። በቆይታው መጨረሻ አንድ ሌሊት በትልቋ ደሴት መያዝ ግድ ነው።

ውኃው በኦገስት 25 ወይም 26 ዲግሪ ነው። ለመዋኘት ደስ ይላል፤ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ወደ ጥልቁ ለሚወርድ ጠላቂ ግን ብርዱ ይጠራቀማል። 3 ሚሊ ሜትር የዋና ልብስ ለአንድ ጠለቃ ይበቃል፣ ለተደጋጋሚ 5 ሚሊ ሜትር ይሻላል። ትናንሽ ሪዞርቶች ወፍራሙን በሁሉም ልክ አያስቀምጡም፤ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጁላይንና ኦገስትን ያለ ቅሬታ የምንመክረው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው ሰርፈር፣ ማለትም በሰሌዳ ላይ ቆሞ ሞገድ የሚጋልብ ሰው ነው። ክላውድብሬክ በታቫሩዋ ደሴት አጠገብ ያለ በዓለም የታወቀ የሞገድ ሥፍራ ነው፤ ከደቡባዊው ውቅያኖስ የሚነሣው ትልቅ ሞገድ በብዛት የሚደርሰው ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ነው። የ2025 የዓለም የሰርፍ ሻምፒዮና ፍጻሜ እዚያ ሲካሄድ የተያዘለት ጊዜ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ለጀማሪ አይሆንም፤ ከሥሩ ስለታም ኮራል አለ። ሁለተኛው ዓሣ ነባሪ ማየት የሚፈልግ ነው፤ ሐምፕባክ የተባሉት በእነዚህ ወራት በፊጂ ውኃ ያልፋሉ።

ሴፕቴምበርን በአንድ አንቀጽ እንለፈው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የኦገስትን ጥራት በቀነሰ ሕዝብ ይሰጣሉ፤ ከዚያ እስከ ኦክቶበር ሁለተኛ ሳምንት ሌላ የትምህርት ቤት ዕረፍት ይገባል። የምዕራቡ ኮረብታ በዚህ ጊዜ ደርቆ ቡናማ ሆኗል፤ የሸንኮራ አገዳ ምርት የሚሰበሰበውም ከጁን እስከ ኖቬምበር ባለው ጊዜ ስለሆነ በላውቶካና በናዲ አካባቢ የአገዳ ጭነት መኪኖችና ትንንሾቹ ባቡሮች መንገዱን ያዘገዩታል። አረንጓዴ ፎቶ የሚፈልግ ሰው ይህን ወር አይምረጥ።

ኦክቶበርና ኖቬምበር፦ 8 ከ10፣ ለጠላቂ ትንሽ ያንሳል

ነፋሱ ይለዝባል፣ ባሕሩ እየሞቀ ይሄዳል፣ ቀኑ 30 ዲግሪ ይነካል፣ ማንጎ ገበያ ይወጣል። ዝናብ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ተንጎዳጉዶ የሚወርድ ነጎድጓዳማ ዝናብ ነው፤ ጠዋቱን ለባሕር፣ ከሰዓቱን ለዕረፍት ያዋለ ሰው እምብዛም አይጎዳም። ታቬዩኒ ላይ ታጊማውዢያ የተባለችው ቀይና ነጭ አበባ በተራራው ሐይቅ ዙሪያ የምታብበው ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው።

በእነዚሁ ሁለት ወራት አንድ ለየት ያለ ነገር አለ፦ ባሎሎ። በኮራል ውስጥ የሚኖር ትል ለመራባት ጅራቱን ቆርጦ ወደ ባሕሩ ገጽ ይለቅቃል፤ የዳርቻው ሰዎች ጎሕ ሳይቀድ በመረብና በባልዲ ይሰበስቡታል፣ እንደ ምርጥ ምግብም ይበሉታል። የሚወጣው ጨረቃ ከሞላች ከሳምንት ገደማ በኋላ፣ የመጨረሻው ሩብ ላይ ስትደርስ ነው። ኦክቶበር ላይ ትንሹ፣ ኖቬምበር ላይ ትልቁ ይመጣል። ለማየት የሚፈልግ የጨረቃ ቀን መቁጠሪያ ይዞ ክፍል ይያዝ፤ ለቀን ስሕተት መጠባበቂያ ሁለትና ሦስት ሌሊት ቢጨምር ገንዘቡ አይባክንም።

የሚጎድለው ምንድን ነው? የማንታ ሬይ ወቅት ያበቃል። ውኃው ሲሞቅ በውስጡ የሚንሳፈፉት ጥቃቅን ሕይወታውያን ስለሚበዙ ዕይታው ወደ 20 ሜትር ወይም ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል። ፓሲፊክ ሃርበር ፊት ለፊት ባለው የሻርክ ጥብቅ ሥፍራ የሚታዩት ቡል ሻርኮችም ወደ ዓመቱ መጨረሻ ቁጥራቸው ይቀንሳል። ፀሐዩ ደግሞ አይቀለድበትም፦ ፊጂ በ18 ዲግሪ ደቡብ አካባቢ ስለሆነች ፀሐይ በኖቬምበር አጋማሽ ቀትር ላይ በቀጥታ ከአናት በላይ ትሆናለች፤ በጃንዋሪ መጨረሻ እንደገና። በመነጽር እያየ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ሰው ጀርባው ሲቃጠል አይሰማውም፤ እጅጌ ያለው የዋና ሸሚዝ ከየትኛውም ቅባት ይሻላል፣ ኮራሉንም አይጎዳም።

ከሁሉ የከፋው ግዢ

ብዙ ሰው ፌብሩዋሪ ይላል። እኛ ከዲሴምበር 20 እስከ ጃንዋሪ 20 ያለውን እንላለን። የገና በዓልና ረጅሙ የትምህርት ቤት ዕረፍት ዋጋውን ወደ ጣሪያ ይሰቅሉታል፤ የአየሩ ጠባይ ግን የዝናባማው ወቅት ነው። ውዱን ዋጋ ከፍሎ ርካሹን ሰማይ መግዛት ማለት ይህ ነው። ፌብሩዋሪ ቢያንስ ቅናሽ አለው።

ቅናሹ ብዙ ጊዜ «ሰባት ሌሊት እደሩ፣ የአምስቱን ክፈሉ» ዓይነት ነው። ይህ ሒሳብ የሚያዋጣው አንድ ሁኔታ ሲሟላ ነው፦ ቆይታው በትልቋ ደሴት ምዕራብ፣ አየር ማቀዝቀዣ ባለው ክፍል፣ ከአንድ ቦታ ሳይንቀሳቀሱ ከሆነ። በፌብሩዋሪ ሦስት ደሴት እያዳረሱ በጀልባ መዞር ግን ቁማር ነው። ኃይለኛ ነፋስ ሲታወጅ ትንንሽ ጀልባዎች ይቆማሉ፤ አንዱ መስመር ሲሰረዝ ቀጥሎ የተያዘው ክፍል፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም አብሮ ይፈርሳል። ጎርፍም አለ። ናዲ ከተማ በወንዝ ዳር የተቆረቆረች ናት፤ በ2012 ብቻ በጃንዋሪና በማርች ሁለት ጊዜ ተጥለቅልቃለች። ከአውሮፕላን ማረፊያው ራቅ ብሎ ያደረ ሰው በጎርፍ ቀን በረራው ላይደርስ ይችላል።

የዝናቡ አወራረድ ሁለት መልክ አለው። የተለመደው ከሰዓትና ሌሊት ለአንድ ሁለት ሰዓት አጥለቅልቆ የሚያባራው ነው፤ ይህ ዕረፍት አያበላሽም። ሌላው ዝቅተኛ የአየር ግፊት ደሴቶቹ ላይ ሲቀመጥ ሦስት አራት ቀን ሳያባራ የሚወርደው ነው። ቅናሹ የሚሸጠው ሁለተኛውን ለመታገሥ ነው። ያኔ ሱቫ ባለው የፊጂ ሙዚየም ግማሽ ቀን ማሳለፍ ይቻላል፤ ትንሽ ደሴት ላይ ግን ከመጽሐፍና ከካርታ ጨዋታ ሌላ የለም። የነፋሱ ደንብም ይገለበጣል፦ በእነዚህ ወራት ከሰሜንና ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍስበት ቀን ስላለ በጁላይ ጸጥ ያለው ምዕራባዊ ዳርቻ ሊናወጥ ይችላል። በማራገቢያ ብቻ የሚቀዘቅዝ ቡሬ በኦገስት ገነት ነው፤ በፌብሩዋሪ ሌሊቱ 23 ዲግሪ፣ እርጥበቱም ከባድ ስለሆነ እንቅልፍ ይነሳል።

ወባ በፊጂ የለም። ዴንጊ የተባለው የትኩሳት በሽታ ግን አለ፤ በዝናቡ ወራት ይበዛል፤ የሚያስተላልፈው ትንኝ ቀን ስለሚናከስ አጎበር ብቻ አይበቃም። ከጎርፍ በኋላ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለው በሽታ ስለሚነሳ በደፈረሰ ወንዝና በጭቃ ውኃ ውስጥ ቁስል ይዞ መግባት ክልክል ነው ብላችሁ ያዙት።

ስለ ሳይክሎን በቁጥር

የፊጂ የሜትሮሎጂ አገልግሎት እንደሚለው በአሥር ዓመት ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሳይክሎኖች፣ ማለትም ከባሕር የሚነሡ ኃይለኛ አውሎ ነፋሶች፣ የአገሪቱን የተወሰነ ክፍል ይነካሉ፤ ከእነዚህ ከሁለት እስከ አራቱ ከባድ ጉዳት ያደርሳሉ። በብዛት የሚመጡት ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ ነው። ይህ ማለት የአንድ ሳምንት ዕረፍት ላይ የመውደቃቸው ዕድል ትንሽ ነው፤ ሲወድቅ ግን ቀልድ የለውም። ዊንስተን በፌብሩዋሪ 20 ቀን 2016 በአምስተኛው ደረጃ ሲመታ 44 ሰዎች ሞተዋል። ያሳ የመጣው በዲሴምበር 17 ቀን 2020 ነው። ሃሮልድ ደግሞ በዚያው ዓመት በኤፕሪል 8 አለፈ። ሦስቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው «ኤፕሪል ደርሷል፣ አለፈልን» አይልም።

ወቅቱ እንዴት እንደሚሆን ጥቂት ፍንጭ የሚሰጠው ኤል ኒኞ ነው። ኤል ኒኞ ሲኖር የደመናው ቀበቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለሚሸሽ ፊጂ ድርቅ ይይዛታል፤ ላ ኒኛ ሲሆን ዝናቡ ይጨምራል። የሜትሮሎጂ አገልግሎቱ ናዲ ላይ ሆኖ ለደቡብ ፓሲፊክ ሰፊ ክፍል ጭምር የሳይክሎን ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ የወቅቱን ትንበያም ኦክቶበር ላይ ይፋ ያደርጋል። ለፌብሩዋሪ ጉዞ የማይመለስ ክፍያ መፈጸም ካለባችሁ ከዚያ ትንበያ በኋላ ክፈሉ።

የጉዞ ኢንሹራንስ ላይ ሰው የሚሳሳተው በቀኑ ነው። አብዛኛው ውል ሳይክሎኑ ስም ከወጣለት በኋላ የተገዛ ከሆነ በዚያ ሳይክሎን ለደረሰ ጉዳት አይከፍልም። ስለዚህ ትኬቱ በተገዛ ዕለት መግዛት ነው። ውሉ ውስጥ የጀልባ መሰረዝና ተጨማሪ ሌሊት መሸፈናቸውን አንብቡ፤ በፊጂ ገንዘብ የሚበላው የአውሮፕላኑ መሰረዝ ብቻ ሳይሆን ደሴት ላይ ታግቶ መቆየትም ነው። ማስጠንቀቂያው ሁለት እርከን አለው፦ ኃይለኛ ነፋሱ በ48 ሰዓት ውስጥ የሚጠበቅ ከሆነ ማንቂያ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሆነ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ከትንሽ ደሴት መውጣት ያለበት ሰው በመጀመሪያው ይውጣ፤ ሁለተኛው ሲወጣ ጀልባ ላይኖር ይችላል።

ከወሩ ይልቅ ሰዓቱ የሚወስንበት ቦታ

ኮራል ኮስት ላይ በየትኛውም ወር ተመሳሳይ ቅሬታ ይሰማል፦ «ባሕሩ የለም»። ጥፋቱ የወቅት አይደለም። እዚያ ኮራሉ ከዳርቻው ጋር ተያይዞ ጥልቀት የሌለው ሜዳ ይሠራል፤ ባሕሩ ከአንድ ሜትር በላይ ሲጎድል ሜዳው ይገለጣል፣ መዋኘት አይቻልም። ስለታም ድንጋይና የባሕር ጃርት ስላለ በባዶ እግር መራመድም አይቻልም። ባሕሩ የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚገፋ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀትር ላይ የነበረው ሙላት ቀትር ላይ ጉድለት ይሆናል። ሦስት ቀን ብቻ የሚቆይ ሰው የሙላቱንና የጉድለቱን ሰዓት ሠንጠረዥ ሳያይ ቢሄድ ሦስቱንም ቀን በጉድለት ሊያሳልፍ ይችላል። በዚያ አካባቢ በሁሉም ሰዓት የሚዋኙበት ናታዶላ ነው፤ ሞገዱ ግን አንዳንዴ ይበረታል፣ ልጅ ያለው ይጠንቀቅ።

ታቬዩኒ ፊት ለፊት በሶሞሶሞ ወሽመጥ ያለው የሬይንቦው ሪፍም እንዲሁ በፈሰሱ የሚተዳደር ነው። ለስላሳዎቹ ኮራሎች የሚያብቡት ውኃው ሲፈስ ነው፤ ፈሰሱ ሲያይል ደግሞ ጠለቃው አደገኛ ይሆናል። ነጩ ግድግዳ የሚባለውን የታወቀ ሥፍራ የሚያዩት የጠለቃ ሰዓቱ ከባሕሩ ሙላትና ጉድለት ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። «አንድ ቀን ደርሼ ልየው» ለሚል ሰው አይሆንም፤ ቢያንስ ሦስት የጠለቃ ቀናት ያስፈልጋሉ። ወደዚያ የሚወስደው የአገር ውስጥ አውሮፕላን ትንሽ ስለሆነ የሻንጣው ክብደት ወሰን ከዓለም አቀፉ ያንሳል፤ የራሱን የጠለቃ ዕቃ የሚይዝ ሰው ትርፉን አስቀድሞ ይክፈል። በደሴቱ ምሥራቅ ያለው የታቮሮ የመጀመሪያው ፏፏቴ 24 ሜትር ከፍታ አለው፤ ለእሱ ምርጡ ሜይ ነው፣ መንገዱም እንደ ማርች አያዳልጥም።

መንደር ለመጎብኘት የአየር ጠባይ ብዙ አያግድም፤ የሳምንቱ ቀን ግን ያግዳል። እሑድ የቤተ ክርስቲያንና የዕረፍት ቀን ነው፣ ሱቁም መጓጓዣውም ይሳሳል። መንደር የሚገባ እንግዳ ካቫ የተባለው ባህላዊ መጠጥ የሚሠራበትን ሥር እሥር ይዞ ለአለቃው ያቀርባል፤ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይበቃል፣ ናዲ ወይም ላውቶካ ገበያ ይገኛል። ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል፣ ባርኔጣ ይወልቃል። በተራራው ውስጥ ወዳለችው ናቫላ የሚሄድ ሰው ግን ወሩንም ያስብ፦ ከባ የሚወጣው መንገድ በዝናብ ጊዜ ያለ ኃይለኛ መኪና አይሞከርም።

ከመክፈል በፊት ለሪዞርቱ የሚላኩት ጥያቄዎች በወሩ ይለያያሉ። ለጁላይ፣ ክፍሉ ከደቡብ ምሥራቅ ነፋስ የተጠለለ ነው ወይ? ጀልባ በነፋስ ቢቀር የማን ወጪ ነው? ለፌብሩዋሪ፣ አየር ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል ወይ፣ ወይስ ጄኔሬተሩ በሆነ ሰዓት ይጠፋል? ሳይክሎን ቢታወጅ ክፍያው ይመለሳል ወይስ ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል? ለሴፕቴምበርና ለኦክቶበር ደግሞ ማንም የማይጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ውኃው ከየት ነው? ብዙ ትንንሽ ደሴቶች የሚጠጡት በጣሪያ ያጠራቀሙትን ዝናብ ነው፤ የደረቁ ወቅት መጨረሻ ከኤል ኒኞ ጋር ሲገጥም ታንከሩ ያልቃል፣ ውኃ በጀልባ መጫን ይጀምራል። የባሕር ውኃ የሚያጣራ መሣሪያ ያለው ሪዞርት ያለ ችግር ይቀጥላል፤ የሌለው ገላ መታጠቢያውን በቀን ለተወሰነ ሰዓት ብቻ ይከፍታል።